ተስፋን ከአይሁድ መምህራን መማር፦ ሐዋሳ ላይ ለሚጀምር አንባቢ

በዕብራይስጥ «ቲቅቫ» ማለት ተስፋ ነው። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 2 ላይ ረዓብ ቤተሰቧን ለማትረፍ በመስኮቷ ያሰረችው ቀይ የፈትል ገመድ የተጠራውም በዚሁ ቃል ነው። ይህን እስካውቅ ድረስ ተስፋ አንድ ቀን ጧት መጥቶ በማግስቱ የሚጠፋ ስሜት ይመስለኝ ነበር። ገመድ ግን ይታሰራል፣ ይያዛል፣ ሲላላም እንደገና ይወጠራል፤ የአይሁድ መምህራን ስለ ተስፋ ያስተማሩትም በአብዛኛው በእጅ የሚሠራ፣ በቀንና በሳምንት የሚቆጠር ነገር ነው።

ይህ መምሪያ የተጻፈው ኦርቶዶክስም ይሁን ፕሮቴስታንት፣ ሐዋሳ ላይ ሆኖ የእነዚህን መምህራን ትምህርትና ታሪክ ለመንፈሳዊ ሕይወቱ ስንቅ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው ነው። እኔ ራሴ አይሁዳዊ አይደለሁም፤ ሃይማኖት ለማስለወጥም አልጻፍሁም። የሚያስፈልገው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ አንድ ደብተርና አንድ ጓደኛ ነው፤ ዕብራይስጥ መቻል ግዴታ አይደለም።

አንድ ሳምንት፣ አንድ ክፍል

አይሁድ አምስቱን የኦሪት መጻሕፍት በ54 ክፍሎች ከፍለው በዓመት አንድ ጊዜ አንብበው ይጨርሷቸዋል። የየሳምንቱ ክፍል «ፓራሻ» ይባላል። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህን ሥርዓት ንቄ አምስቱንም በአንድ ወር ልጨርስ ተነሣሁና ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ስደርስ፣ በመሥዋዕቱ ዝርዝር መካከል፣ መጽሐፉን ዘግቼ ሁለት ዓመት ያህል አልከፈትሁትም። ስለዚህ አይቸኩሉ።

ለመለማመጃ ከኦሪት ዘፍጥረት 12 እስከ 17 ያለውን፣ የአብርሃምን ጉዞ የያዘውን ክፍል ይውሰዱ። ክፍሉ «ሌኽ ሌኻ» ይባላል፤ ቃል በቃል «ሂድ ለአንተ» እንደ ማለት ነው። ከ1040 እስከ 1105 የኖረው ታላቁ ተርጓሚ ራሺ «ለአንተ» የምትለዋን ትርፍ የምትመስል ቃል ይዞ «ለጥቅምህና ለመልካምህ» ብሎ ፈትቷታል። ከአገሩና ከአባቱ ቤት የሚወጣ ሰው የሚያየው የሚተወውን ብቻ ነውና፣ ይህች ትንሽ ቃል በሥራ ምክንያት ከቤተሰቡ ርቆ ሐዋሳ የገባን ወጣት ልታጽናና የምትችል ትመስለኛለች። ክፍሉን በቀን አንድ ምዕራፍ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ፤ ከዚያም በደብተርዎ ላይ አንድ ጥያቄ ይጻፉ። ትምህርት ሳይሆን ጥያቄ ይሁን፤ መልሱ ለሚቀጥለው እርምጃ ይቆያል።

የሚሞግትዎ ጓደኛ

አይሁድ ብቻቸውን ማጥናት አይወዱም። ሁለት ሆኖ የማጥናት ልማዳቸው «ሐቭሩታ» ይባላል፤ ቃሉም ከእኛው «ኅብረት» ጋር ሥሩ አንድ ነው። የልማዱን ምንነት ከሁሉ አብልጦ የሚያስረዳኝ ታልሙድ፣ ማለትም የጥንት የአይሁድ መምህራን ውይይት የተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ የሚተርከው የረቢ ዮሐናንና የሬሽ ላኪሽ ታሪክ ነው። ረቢ ዮሐናን በ3ኛው ክፍለ ዘመን በገሊላ ባሕር ዳር በጥብርያዶስ ያስተማረ መምህር ሲሆን፣ ሬሽ ላኪሽ ደግሞ ሽፍትነቱን ትቶ በእርሱ እጅ የተማረ ሰው ነበር። አንድ ቀን በክርክር መካከል ረቢ ዮሐናን ያን የቀድሞ ኑሮውን የሚነካ ቃል ተናገረው፤ ተቀያየሙ፤ ሬሽ ላኪሽም ሳይታረቁ ሞተ። መምህራኑ ሐዘንተኛውን እንዲያጽናና ኤልዓዛር ቤን ፔዳት የተባለውን ሊቅ ላኩለት። ኤልዓዛር ረቢ ዮሐናን በተናገረ ቁጥር «ይህን የሚደግፍልህ ትምህርት አለ» ይለው ጀመር። ረቢ ዮሐናን ግን «አንተ እንደ ላኪሽ ልጅ (እንደ ሬሽ ላኪሽ) ነህን? እርሱ 24 ተቃውሞ ያነሣብኝ ነበር፤ እኔም 24 መልስ እሰጠው ነበር፤ ነገሩም በዚያ ይሰፋ ነበር፤ ልክ መሆኔንማ እኔ ራሴ አላውቅምን?» ብሎ አለቀሰ።

ስለዚህ የሚሞግትዎትን ይምረጡ። ቡና ሲፈላ ተቀምጣችሁ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ እያንዳንዳችሁ የጻፋችሁትን ጥያቄ አቅርቡ፤ አንዱ የመለሰውን ሌላው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይቃወመው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ችግር አለ፤ በዕድሜ የሚበልጥን ሰው ፊት ለፊት መቃወም ነውር ነው። ጓደኛዎ ታላቅዎ ከሆኑ «ዛሬ መቃወም የጥናቱ ደንብ ነው፤ ይፍቀዱልኝ» ብሎ አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ አንድ የማከብራቸውን ሰው አስቀይሜአለሁ፤ እንደ ረቢ ዮሐናን ሳይረፍድብኝ ይቅርታ መጠየቄ በጀኝ።

ታሪክ ሲያነቡ

ከታልሙድ ታሪኮች ለጀማሪ የምመርጠው የረቢ አኪባን ሳቅ ነው። ሮማውያን በ70 ዓመተ ምሕረት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ካፈረሱ በኋላ አራት መምህራን ወደ ፍርስራሹ ወጡ። ከቅድስተ ቅዱሳኑ ስፍራ ቀበሮ ሲወጣ አዩ። ሦስቱ አለቀሱ፤ ረቢ አኪባ ሳቀ። ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ ጽዮን እንደ እርሻ እንደምትታረስ የተነገረው ትንቢት ሲፈጸም አይቻለሁና፣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በኢየሩሳሌም አደባባይ እንደሚቀመጡ በዘካርያስ 8 የተነገረውም ይፈጸማል አላቸው። እነርሱም «አኪባ ሆይ፣ አጽናናኸን» አሉት።

ይህን ታሪክ ሲያጠኑ ወደ ሳቁ አይሩጡ። መጀመሪያ ከሦስቱ ጋር ይቀመጡ፤ ታልሙድ ልቅሷቸውን አልነቀፈውምና። አኪባም ቢሆን ፍርስራሹን አልካደም፤ ያነበበው ትንቢት ግማሹ ጥፋት እንደሆነ ያውቃል። በደብተርዎ ላይ በሁለት ዓምድ ይጻፉ፦ በሕይወቴ የፈረሰው ምንድን ነው? እስካሁን ያልተፈጸመውስ ተስፋ የትኛው ነው? አኪባ ራሱ በሮማውያን እጅ ተገደለ፤ የሽማግሌዎቹን አደባባይ አላየም።

ሌላው ሖኒ የተባለ የታልሙድ ጻድቅ ሰው ታሪክ ነው። ሖኒ ፍሬ ለመስጠት 70 ዓመት የሚፈጅ የካሮብ ዛፍ የሚተክል ሰው አግኝቶ «70 ዓመት እኖራለሁ ብለህ ታስባለህን?» ሲለው፣ ሰውዬው «ወደ ዓለም ስመጣ ካሮብ አግኝቻለሁ፤ አባቶቼ እንደ ተከሉልኝ እኔም ለልጆቼ እተክላለሁ» አለው። ሖኒ እዚያው አንቀላፍቶ ከ70 ዓመት በኋላ ሲነቃ የተካዩን የልጅ ልጅ ከዛፉ ፍሬ ሲለቅም አገኘው። በተረፈ ባሮክ የበለስ ቅርጫቱን ይዞ 66 ዓመት የተኛውን ኢትዮጵያዊውን አቤሜሌክን የሚያውቅ አንባቢ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያጠና ብዙ ያተርፋል፤ አቤሜሌክ ሲነቃ በለሱ ገና ትኩስ ነበር፤ ሖኒ ግን ማንም የሚያውቀው ሰው አጣ።

ሰንበት

ከሁሉ የሚከብደው፣ ከሁሉም የሚጠቅመው ይህ ነው። የአይሁድ ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል፤ ቅዳሜ ማታ ሦስት ከዋክብት ሲታዩ ይወጣል። በሐዋሳ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ስለምትጠልቅ፣ ሰዓቱን ለማወቅ ዓርብ ማታ በሐይቁ ዳር መንገድ መውጣት ይበቃል። ሻማ ማብራቱና በወይን ላይ መባረኩ የእነርሱ ሥርዓት ነው፤ መኮረጅ አያስፈልግም። ዕረፍቱን ይውሰዱ። ቅዳሜ የገበያና የሥራ ቀንዎ ከሆነ ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያሉትን ሦስት ሰዓታት ይለዩ፤ ስልክዎን ያጥፉ፤ ስለ ዕዳና ስለ ደመወዝ አይነጋገሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓርቦች እጅዎ ስልኩን ሲፈልግ ያገኙታል፤ አይገረሙ።

ንስሐን በተመለከተ አጭር ቃል ብቻ ልጨምር። የአይሁድ ሕግ ዮም ኪፑር፣ ማለትም የስርየት ቀን፣ ሰው በሰው ላይ የሠራውን በደል የተበደለው ሰው ካልታረቀ በቀር አያስተሰርይም ይላል። ስለዚህ ከጸሎት በፊት ስልክ ደውለው ይታረቁ።

የጎንደሩ ተራራ

ይህን ሁሉ ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልግም። በጎንደርና በአካባቢው የኖሩት የእኛው አይሁድ፣ ቤተ እስራኤል፣ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን «ስግድ»ን ሲያከብሩ ኖረዋል። ጾመው፣ አንዳንዶቹም ትሕትናቸውን ለማሳየት ድንጋይ ተሸክመው ተራራ ይወጣሉ፤ ቄሶቻቸው ከግዕዙ ኦሪት ያነባሉ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ይጸልያሉ፤ ከዚያ ወርደው ይበላሉ። ልጆቻቸው ሽመላ ሲያልፍ ሲያዩ የኢየሩሳሌምን ደኅንነት ይጠይቁት ነበር። (አሞራ ገደል ዓሣ የሚጠብቀው አባ ኮዳ የሽመላ ዘመድ ነው፤ እርሱ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው።) በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተነሥተው እስራኤል ገቡ። በሐዋሳው ታቦር ተራራ ላይ ከጓደኛዎ ጋር በጠዋት ወጥቶ መዝሙር 27ን ማንበብ ለዚህ ትምህርት ተስማሚ ነው፤ በግዕዙ ዳዊት ቁጥሩ 26 ነው። የመዝሙሩ መጨረሻ ቁጥር «እግዚአብሔርን ተስፋ አድርግ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ይናገራል። ታልሙድም ከዚህ ተነሥቶ፣ ጸልዮ መልስ ያላገኘ ሰው እንደገና ይጸልይ ብሎ ያስተምራል።

አንድ ሳምንት ካመለጠዎት ለማካካስ ሁለት ክፍል አያንብቡ፤ የዚያን ሳምንት ክፍል ከፍተው ይቀጥሉ። በመስከረም ወይም በጥቅምት በሚውለው የሲምሐት ቶራ በዓል የዘዳግም መጨረሻ ይነበባል፤ ሙሴም ምድሪቱን ከናባው ተራራ አይቶ ሳይገባባት ይሞታል። በዚያው ዕለት ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 እንደገና ይከፈታል።