የፍላክስ ቅሪትን ከሰርኪዩት ቦርድ ላይ እንዴት ማጽዳት ይቻላል

ሶልደር (ክፍሎችን ከቦርዱ ጋር የሚበይደው ብረት) በሚቀልጥበት ጊዜ፣ ፍላክስ የሚባለው የመበየጃ አጋዥ ንጥረ ነገር የብረቱን ኦክሳይድ (ዝገት መሰል ሽፋን) አንስቶ ሶልደሩ በደንብ እንዲይዝ ያደርጋል፤ ሥራውን ሲጨርስ ግን ከፊሉ በተበየዱት ክፍሎች የብረት እግሮች ዙሪያና በቺፖቹ ሥር ተጋግሮ ይቀራል። በዚህ ቅሪት ውስጥ ያሉት አሲዶችና ጨዎች ከአየር እርጥበት ሲስቡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ፈሳሽ ይፈጥራሉ፤ ቮልቴጅ ባለበትም ብረቱ እየሟሟ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንደ ሥር የሚዘረጋ ቀጭን ክር ያበቅላል፣ በመጨረሻም እግሮቹ ተገናኝተው ሾርት ይፈጠራል። የአዳማ አየር አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ስለሆነ በበጋ የተፈተነ ቦርድ ያለ እንከን ሊያልፍ ይችላል። ጉድለቱ የሚገለጠው በሐምሌና በነሐሴ፣ ምናልባትም ቦርዱ ተሸጦ መቂ አካባቢ በመስኖ ፓምፕ ላይ ከተገጠመ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ የተጠቀሙበትን የፍላክስ ዓይነት ከሶልደሩ ማሸጊያ ላይ ያንብቡ። ከጥድ ሙጫ የሚሠራው ሮዚን በአልኮል ይሟሟል። በውሃ የሚታጠበው ዓይነት አሲዱ ኃይለኛ በመሆኑ ሳያድር መታጠብ አለበት። «ኖ ክሊን» የሚባለው ደግሞ በቂ ሙቀት ካገኘ አሲዱን በሙጫው ውስጥ አፍኖ እንዲቀመጥ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ቦርዱ መከላከያ ሽፋን የማይቀባ ከሆነ ባይነካ እመርጣለሁ፤ በግማሽ የታጠበ ኖ ክሊን ሙጫው ተሰብሮ አሲዱ ስለሚጋለጥ ጭራሽ ካልታጠበው የባሰ ነው።

ቀጥሎ ፈሳሽ የሚገባባቸውን ክፍሎች ይለዩ። ያልታሸገ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ማይክሮፎን፣ ድምፅ ማሰሚያና የመሳሰሉት ከእጥበቱ በኋላ ቢበየዱ ይሻላል።

ለሮዚን 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጠቀሙ፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው 70 በመቶው ቀሪው ውሃ በመሆኑ ሙጫውን በሚገባ አያሟሟም። ይህ አልኮል ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ስለሚሰጥ፣ በአዳማ ሙቀት ትነቱ ሁልጊዜ አለ ብለው ያስቡ፤ መስኮት ይክፈቱ፣ ጓንት ያድርጉ፣ የጋለ መሣሪያና የእሳት ብልጭታ ከአካባቢው ያርቁ።

ቦርዱን በአልኮል አርሰው በለስላሳ ብሩሽ ይፈትጉት፤ ተራ የፕላስቲክ ብሩሽ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጥር አይመከርም። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። አልኮሉ ቅሪቱን ያሟሟዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ቦርዱ ላይ እንዳለ ከደረቀ የሟሟው ሁሉ ተመልሶ ይቀመጣል፣ በሙጫው ታፍነው የነበሩት ጨዎችም ነጭ ብናኝ ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ ቦርዱን አዘንብለው ይያዙና ሳይደርቅ ንጹሕ አልኮል ከላይ ወደ ታች በማፍሰስ ያለቅልቁት። በሞቃትና ደረቅ አየር አልኮሉ ቶሎ ስለሚተን ብዙ ቦርድ በአንድ ጊዜ አርሶ ማስቀመጥ ጎጂ ነው። ሦስት ዕቃ አዘጋጅተው ከቆሸሸው ወደ ንጹሑ ማሸጋገር አልኮል ይቆጥባል፤ የመጨረሻው ዕቃ መልኩ መለወጥ ሲጀምር ግን ይቀየር።

በውሃ የሚታጠበውን ፍላክስ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሞቀ፣ ማዕድኑ በወጣለት ውሃ ይጠቡ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ የራሱን ጨው ይተዋል፤ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ በብዙ ቦታ ፍሎራይድና ሌላ ማዕድን ይበዛበታል። የአልትራሳውንድ ማጠቢያ ካለዎት ክሪስታል (የቦርዱን የሰዓት ምት የሚሰጠው ክፍል) ያለበትን ቦርድ አያስገቡበት፤ ንዝረቱ ሊሰብረው ይችላል።

ከዚያ በቺፖቹ ሥር የቀረውን ፈሳሽ፣ ዘይትና ውሃ በሚያስቀር ማጣሪያ ባለፈ የኮምፕሬሰር አየር ይንፉት፤ በውሃ የታጠበውን ቦርድ በተጨማሪ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ምድጃ ያድርቁት። የከተማዋ ነፋስ አቧራ ስለሚያመጣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይሸፈን።

በመጨረሻ 10 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር፣ ብርሃኑን ከጎን አድርገው ይመርምሩ። ዓይን ጨውን ሁሉ አያይም። ፋብሪካዎች ቦርዱን 75 በመቶ አልኮልና 25 በመቶ ውሃ በሆነ ድብልቅ አጥበው የፈሳሹን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ይለካሉ፤ በስኩዌር ሴንቲሜትር 1.56 ማይክሮግራም ጨው ለአሥርተ ዓመታት እንደ ወሰን አገልግሏል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ይህ ቁጥር ብቻውን በቂ ማስረጃ ተደርጎ አይወሰድም። መለኪያው ለሌለው አነስተኛ ወርክሾፕ የምመክረው፣ ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦርድ ወስዶ ቮልቴጅ እንደተሰጠው ሞቃትና እርጥብ ሣጥን ውስጥ ለቀናት በማቆየት በእግሮቹ መካከል የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ መከታተል ነው። ኤሌክትሪኩ እየጨመረ ከሄደ ፍላክሱን ከመቀየርዎ በፊት የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ይመርምሩ።