አዲስ ጠመንጃ ሲወጣ የተኳሾችን ወሬ ማበጠር

ታክቲካል፣ ማለትም የወታደር መሣሪያ የሚመስል ቅርጽ ያለው ባለ 22 ካሊበር (የአረሩ ስፋት 5.6 ሚሊሜትር የሆነ) የዒላማ ጠመንጃ አዲስ በወጣ ቁጥር ተኳሾች ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ «ጥይት በጥይት ላይ ይደርባል» ብሎ ይምላል፤ ሌላው «ዱላ ነው» ብሎ ያጣጥለዋል። የሚያወሩት ስለ አንድ ሞዴል ነው፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱም አይዋሹም። እኔ ከወረቀት ዒላማ ጋር በታገልኩባቸው ዓመታት የታዘብኩት ነገር ቢኖር ስለ ጠመንጃ ከሚሰጠው አስተያየት አብዛኛው ስለ ጥይቱ፣ ስለ ማነጣጠሪያ መነጽሩ ወይም ስለ ተኳሹ ትከሻ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት ወሬውን አበጥራለሁ።

መጀመሪያ የምጠይቀው «በምን ጥይት ተኮስክበት?» ብዬ ነው። ይህን መመለስ ካልቻለ ጨዋታውን ወደ ሌላ ርዕስ እወስደዋለሁ። ባለ 22 ሎንግ ራይፍል ጥይት ከ1887 ጀምሮ ያለ ሽማግሌ ነው። እንደ ትላልቆቹ ጥይቶች መሀሉ ላይ ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥል ትንሽ ክዳን) የለውም፤ የሚቀጣጠለው ቅመም በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተቀብቷል፤ ምላጭ ሲሳብ የጠመንጃው መርፌ የሚመታውም ጠርዙን ነው። ቅመሙ በሁሉም ቀለህ ውስጥ እኩል ካልተዳረሰ የጥይቱ ፍጥነት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ በ50 ሜትር ብዙም የማይታየው ልዩነት በ100 ሜትር ዒላማው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ተዘርግቶ ይታያል።

ፍጥነትም ሌላ ጣጣ አለው። 2.6 ግራም የሚመዝነው መደበኛ አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 325 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ይህ ከድምፅ ፍጥነት ትንሽ ያነሰ ነው። «ፈጣን» የሚባለው ግን 380 ሜትር አካባቢ ይነሳና መንገድ ላይ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲወርድ ይንገዳገዳል። ሰው ፈጣኑ ንፋስን የሚያሸንፍ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው፤ በ100 ሜትር ይበልጥ የሚገፋው ፈጣኑ ነው። እንግዲህ የዒላማ ጠመንጃን በርካሽ ፈጣን ጥይት ሞክሮ «ዱላ ነው» ያለ ሰው የፈረደው በጥይቱ ላይ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው ደግሞ የጠመንጃዎቹ ምርጫ ነው። በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ጠመንጃዎች አንዱ የሚወደውን ጥይት ሌላው ሊጠላው ይችላል። በጓደኛዬ እጅ ተአምር የሠራ ጥይት በእኔው ላይ እንደ ዘር ሲበተን አይቻለሁ። ስለዚህ አራት ወይም አምስት ዓይነት መደበኛ ፍጥነት ያላቸውን ጥይቶች ገዝታችሁ ሞክሩ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ የመጀመሪያዎቹን ከ10 እስከ 15 ጥይቶች አትቁጠሯቸው። አረሩ በሰም ወይም በቅባት የተለበጠ ስለሆነ የፊተኛው ቅባት ከአፈሙዙ ወጥቶ የአዲሱ እስኪተካ ድረስ ውጤቱ ያታልላል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ «ስንት ጥይት ነው?» የሚል ነው። ሦስት ቀዳዳ ያለበት ወረቀት ይዞ የሚዞር ሰው አይጠፋም። በሦስት ጥይት ማንኛውም ጠመንጃ አንድ ቀን ጀግና ይሆናል። እኔ የማምነው አምስት ጊዜ አምስት ጥይት ተተኩሶ፣ የአምስቱም ስብስብ ስፋት አማካይ ሲነገረኝ ነው፤ የተበላሸው ወረቀት ሳይደበቅ። አለካኩ ቀላል ነው፦ በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ለኩና የአረሩን ስፋት 5.6 ሚሊሜትር ቀንሱ። የሚገኘው ከመሀል እስከ መሀል ያለው ርቀት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በ50 ሜትር የኦሊምፒክ ጠመንጃ ዒላማ ላይ ባለ 10 ነጥቡ ክብ ከዳር እስከ ዳር 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በ50 ሜትር አማካዩ ከ15 ሚሊሜትር በታች የሆነ ከመደብር እንደወጣ ያለ ጠመንጃ ለእኔ ጥሩ ጠመንጃ ነው። «ሁልጊዜ 5 ሚሊሜትር» የሚለኝን ሰው ፈገግ ብዬ አልፈዋለሁ።

ስለ ቅርጹ ብዙ አልልም። ረጅሙ የአሉሚኒየም አካል፣ የሽጉጥ ዓይነት እጀታው፣ በየጎኑ የተበሳው ቀዳዳ ሁሉ ለዓይን ነው። ሦስት ነገር ግን ይጠቅማል፦ ከፍ ዝቅ የሚል የጉንጭ ማስደገፊያ፣ ርዝመቱ የሚስተካከል ሰደፍ፣ ሳይንቀጠቀጥ ጥርት ብሎ የሚለቅ ምላጭ። ጉንጫችሁ በየተኩሱ አንድ ቦታ ካላረፈ ዓይናችሁ ከመነጽሩ መሀል ይወጣል። መነጽሩንም ፈትሹት። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፋችሁ፣ ሳትነኩት፣ ጭንቅላታችሁን ብቻ ወደ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሱ። በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው መስቀል ዒላማው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ መነጽሩ ለዚያ ርቀት አልተስተካከለም፤ ጠመንጃውን አትውቀሱ።

አንድ ወዳጄ አዲሱን ጠመንጃውን እያማረረ ይዞልኝ መጣ። ወረቀቱን ዘረጋው፤ ሁለት ጥይት አንድ ላይ፣ ሦስተኛው አራት ሳንቲሜትር ወዲያ፣ ቀጥሎ እንደገና ሁለት አንድ ላይ። እንዲህ ያለ ሁለት ቦታ የተከፈለ ስብስብ ሳይ መጀመሪያ እጄን የምልከው ወደ ብሎኖቹ ነው። ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጠን ገለበጥነው። ዋናውን አካል ከሰደፉ ጋር የሚያያይዘው የፊት ብሎን በጣት ዞረ፤ በመፍቻ እንኳን አይደለም፣ በጣት! በመመሪያው ላይ በተጻፈው ልክ በመለኪያ መፍቻ አጠበቅነው። በዚያው ጥይት፣ በዚያው ከረጢት ላይ አምስት ተኮሰ፤ ሳንቲም ሸፈናቸው። ከዚያ በፊት ግን ያ ሰው ስለ ጠመንጃው ለስንቱ ክፉ እንዳወራ አስቡት።

ወደ 100 ሜትር ስትሻገሩ አትደንግጡ። በ50 ሜትር የተስተካከለ ጠመንጃ መደበኛውን ጥይት በ100 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር በላይ ዝቅ አድርጎ ይመታል። የስበት ሥራ ነው። የመነጽሩ ማስተካከያ በአንድ ጠቅታ 0.1 ሚል (ሚል የማዕዘን መለኪያ ነው) የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ አንዱ ጠቅታ በ100 ሜትር 1 ሳንቲሜትር ስለሆነ ከ20 በላይ ጠቅታ ወደ ላይ ያስፈልጋችኋል።

ከዚህ ጋር ጥቂት ማሳሰቢያ። በዚህ ካሊበር ጠመንጃ ያለ ጥይት ምላጭ መሳብ መመሪያው ካልፈቀደ አይመከርም፤ መርፌው ጠርዝ ሲያጣ የጥይት ማስገቢያውን አፍ ሊመታና ሊጎዳ ይችላል። ጥይቱ ሳይተኮስ ከቀረ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታዞሩ 30 ሰከንድ ጠብቁና አውጡት። የዓይን መከላከያ መነጽርም አትርሱ፤ አልፎ አልፎ የቀለሁ ጠርዝ ይፈነዳል። እጃችሁንም ሳትበሉ በፊት በሳሙና ታጠቡ፤ አረሩ እርሳስ ነው።

ሁሉንም በደብተር መዝግቡ፦ የጥይቱን ስም፣ ሳጥኑ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር፣ ርቀቱን፣ ንፋሱን። የምርት ቁጥሩን የምላችሁ በምክንያት ነው። በራሴ ጠመንጃ ጥሩ የሠራልኝን ጥይት ባለፈው ዓመት ደግሜ ገዛሁት። ስሙ ያው፣ ሳጥኑ ያው፣ የምርት ቁጥሩ ሌላ። የስብስቡ አማካይ ግን 18 ሚሊሜትር።