የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶችን መተማመን በቁጥር ለመለካት

«በንግድዎ ምን ያህል ይተማመናሉ?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አይረዳም። አንዱ ገበያውን፣ ሌላው የራሱን ችሎታ፣ ሌላው ደግሞ የአገሩን ሁኔታ እያሰበ ስለሚመልስ መልሶቹ አይደመሩም። የባለቤቱ መተማመን ይበልጥ የሚታየው ሊያደርግ ባሰበው ነገር ነው። በሚቀጥሉት 3 ወራት ሽያጭዎ ይጨምራል፣ ባለበት ይቆያል ወይስ ይቀንሳል? ሠራተኛ ሊቀጥሩ አስበዋል? መሣሪያ ለመግዛት አቅደዋል? ብድር ማግኘትስ ይቀልዎታል ወይስ ይከብድዎታል? ከ5 እስከ 10 ጥያቄ ይበቃል። ኤን ኤፍ አይ ቢ የተባለው የአሜሪካ አነስተኛ ንግድ ባለቤቶች ማኅበር የታወቀ መለኪያውን የሚሠራው ከ10 ጥያቄዎች ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1986ን ውጤት 100 አድርጎ ሌላውን ጊዜ ከዚያ ጋር ያነጻጽራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከ400 ሰዎች 160ው «ይጨምራል»፣ 140ው «ባለበት ይቆያል»፣ 100ው «ይቀንሳል» ቢሉ፣ «ይጨምራል» ካሉት 40 በመቶ ላይ «ይቀንሳል» ያሉት 25 በመቶ ሲቀነስ ውጤቱ +15 ነው። «አላውቅም» ያሉትን ለብቻ ይቁጠሩ እንጂ «ባለበት ይቆያል» ውስጥ አይክተቱ። ሦስቱንም ድርሻዎች አብረው ያውጡ፤ 15 በመቶው «ይጨምራል» ብሎ የቀረው ሁሉ «ባለበት ይቆያል» ቢልም ውጤቱ ያው +15 ነው፤ ሁኔታው ግን ፈጽሞ ሌላ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ናሙናው በዕጣ የተመረጠ ቢሆን እንኳ የዚህ +15 የስሕተት ወሰን (እውነተኛው ቁጥር ከውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበት ልክ) ወደ 8 ነጥብ ይጠጋል። በሚቀጥለው ወር 11 ቢመጣ «መተማመን ወረደ» ብሎ መጻፍ አይገባም። በ100 ሰዎች ወሰኑ ከ15 ነጥብ ያልፋል። ወሰኑን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናውን 4 እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

በየዙሩ ያው ጥያቄ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በወሩ ተመሳሳይ ቀናት ይጠየቅ። የአንድ ቃል ለውጥ እንኳ ቁጥሩን ሊያናውጥ ይችላል። መላሹ ባለቤቱ ራሱ ይሁን፤ ሒሳብ ሠራተኛው ወጪና ገቢውን ቢያውቅም ለመቅጠር የሚወስነው እሱ አይደለም። ጠያቂው አበዳሪ ወይም ግብር ሰብሳቢ ከሆነ መልሱ ይዛባል፤ ስለዚህ የማንም መልስ በስም እንደማይወጣ አስቀድመው ይንገሩ፣ ቃልዎንም ይጠብቁ።

ያንኑ ሰዎች ደጋግሞ መጠየቅ ለውጥን በደንብ ያሳያል፤ አደጋም አለው። የከሰሩት ከዝርዝሩ ሲወጡ የቀሩት ጠንካሮቹ ስለሚሆኑ መተማመን ያደገ ይመስላል። የተዘጉትን መዝግበው ቁጥራቸውን ከውጤቱ ጋር ያቅርቡ፤ በየዙሩም አዳዲስ ንግዶችን በዕጣ ያስገቡ።

የበዓልና የመኸር ወቅት ሽያጭን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ቢያንስ የ3 ዓመት መረጃ እስኪጠራቀም ድረስ እያንዳንዱን ወር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ብቻ ያወዳድሩ። ከ3 ወር በኋላም «ሽያጭዎ በእርግጥ ጨመረ?» ብለው ይጠይቁና ከቀድሞው ግምት ጋር ያስተያዩ። ግምቱ ሁልጊዜ ከእውነቱ በላይ ከሆነ፣ ማየት ያለብዎት የቁጥሩን ከፍታ ሳይሆን ለውጡን ነው።