የኮሌጅ ክፍያ፦ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ደጋግሜ የምናገረው

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ሥራዬ ታክሲ ነው። ሬገን ኤርፖርት ወረፋ ይዘን ስንጠብቅ የማናወራው ነገር የለም፤ ልጆች 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ወሬው ሁሉ አንድ ይሆናል። «ኮሌጁ በምን ሊከፈል ነው?» ትልቋ ልጄ አሁን ሦስተኛ ዓመት ላይ ናት። ታናሹ 11ኛ ክፍል ነው። በእሷ የተሳሳትኩትን በእሱ እያረምኩ ነው።

መጀመሪያ፣ ዋጋውን አይታችሁ አትደንግጡ። መርካቶ ሄዶ መጀመሪያ የተጠራለትን የሚከፍል ማን አለ? ኮሌጅም እንደዚያ ነው። ተማሪዎቹ የፌዴራል መንግሥት ርዳታ የሚያገኙበትን ኮሌጅ ሁሉ ድረ ገጹ ላይ «ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር» የሚባል ማስያ እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል። ገቢያችሁንና የቤተሰባችሁን ብዛት ስታስገቡ፣ ርዳታው ተቀንሶ ከኪሳችሁ የሚወጣውን በግምት ያሳያችኋል። እኛ ስንሞክረው፣ ስሙን ሰምቼ የሸሸሁት ውድ የግል ኮሌጅ ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ረክሶ ተገኘ። «እዚያ እንዳታመለክቺ» ልላት አንድ ሐሙስ ነበር የቀረኝ።

ከዚያ ፋፍሳ ነው፤ የመንግሥት የኮሌጅ ርዳታ የሚጠየቅበት ፎርም። አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ በየዓመቱም እንደገና ይሞላል። ነፃ ነው። «ልሙላላችሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ጥላችሁት ሂዱ። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ፋፍሳ የሚያየው የአምናውን ታክስ ሳይሆን የካቻምናውን ነው። ታናሹ በ2027 መስከረም አካባቢ ይገባል፤ የሚታይብን ግን የ2025 ታክሳችን ነው። ያ ማለት ልጁ ገና 10ኛ ክፍል እያለ ሂሳቡ ተጀምሯል።

አበሻ የሚሰናከለው ስም ላይ ነው። ልጁም ወላጁም ፋፍሳ በሚሞላበት ስቱደንት ኤይድ ድረ ገጽ ላይ የየራሳቸውን አካውንት ይከፍታሉ። ሲስተሙ ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። እኛ ቤት ወረቀት የምትይዘው ባለቤቴ ስለሆነች እሷ ከፈተች። የአባቷ ስም ፓስፖርቷ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ሶሻል ካርዷ ላይ በሌላ ተጽፏል። እሷ የሞላችው የፓስፖርቱን ነበር። አልቀበልም አለ። ምክንያቱን ለማወቅ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። የልደት ቀናቸው ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲገለበጥ የተዛባባቸው ጓደኞችም አሉኝ። ካርዱን አውጥታችሁ፣ እሱ ላይ ያለውን ብቻ ጻፉ። ባልና ሚስት ታክስ አብራችሁ የምታሳውቁ ከሆነ የአንዳችሁ አካውንት ይበቃል። ልጁ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ፣ ወላጅ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖረውም ፎርሙ ይሞላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እኔ ያጠራቀምኩት በዕቁብ ነው። ዕቁቡ ሲደርሰኝ ደስ ብሎኝ 10,000 ዶላሩን በልጄ ስም ባንክ አስገባሁት። ትልቅ ስህተት! በልጅ ስም ካለ ገንዘብ ፋፍሳ 20 በመቶውን ለትምህርት እንደሚከፈል ይቆጥረዋል፤ በወላጅ ስም ካለው ግን ቢበዛ 5.64 በመቶ ነው። 2,000 ዶላርና 564 ዶላር፤ ልዩነቱን እዩት። ለታናሹ 529 የሚባለውን የትምህርት ቁጠባ በራሴ ስም ከፈትኩ። ቨርጂኒያ በአንድ አካውንት እስከ 4,000 ዶላር የስቴቱ ታክስ ከሚታሰብበት ገቢያችን ላይ ትቀንስልናለች።

የምትኖሩበት ቤትና የጡረታ ቁጠባችሁ ፋፍሳ ላይ አይቆጠርም። አዲስ አበባ ያሠራችሁት ቤት ግን ይቆጠራል። «አገር ቤት ያለውን ማን ያያል?» የሚል ወረፋ ላይ አይጠፋም። ፎርሙ የሚፈረመው ቃል ተገብቶ ነው፤ እኔ የእናቴን ሰፈር ቤት ጻፍኩ፣ እንቅልፌንም ተኛሁ።

ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት ስጦታ በ2025-26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር፤ አይመለስም። ልጁ በራሱ ስም ከመንግሥት የሚበደረው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500 ዶላር ነው። «ፔረንት ፕላስ» የሚባለውን የወላጅ ብድር እኔ አልነካሁትም። ዕዳው የእናንተ ነው፤ ልጁ ተመርቆ ሥራ ቢይዝም ባይዝም።

የኮሌጁ የርዳታ ደብዳቤ ሲመጣ እስኪርብቶ ያዙ። ለልጄ የመጣው አንዱ ደብዳቤ «ጠቅላላ ርዳታ» ብሎ ትልቅ ቁጥር ጽፏል። ስደምረው ሲሶው ብድር ነው። ስጦታውን ለብቻ፣ ብድሩን ለብቻ፣ ተማሪው ሠርቶ የሚያገኘውን ወርክ ስተዲ ለብቻ ጻፉ። ከጠቅላላው ወጪ ላይ የምትቀንሱት ስጦታውን ብቻ ነው። ካልበቃ ደግሞ የኮሌጁን የርዳታ ቢሮ ጠይቁ። እኛ አበሾች መለመን ይመስለናል፤ አይደለም፣ ቢሮው ለዚህ ነው የተቀመጠው። ገቢዬ ከካቻምናው ታክስ ወዲህ መቀነሱንና ለእናቴ ሕክምና የምልከውን ከደረሰኝ ጋር በአንድ ገጽ ጻፍኩ። በዓመት 3,000 ዶላር ጨመሩ።

ስለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ደግሞ ኩራታችንን ትንሽ እናብርደው። የወንድሜ ልጅ ኖቫ፣ ማለት የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ፣ «አድቫንስ» በሚባለው ፕሮግራም ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። እናቱ ለቅሶ ቤት «ልጅሽ የት ገባ?» ስትባል ታፍር ነበር። ዲግሪው ላይ የተጻፈው ጆርጅ ሜሰን ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የከፈለችው ግን የኖቫን ዋጋ ነው።

ልጁ ከገባም በኋላ ታክስ ስታሠሩ ኮሌጁ የሚልካትን 1098-ቲ የምትባል ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። በገቢያችሁ ከተፈቀደላችሁ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ከታክሳችሁ ላይ ይቀነስላችኋል፣ ለአራት ዓመት። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ወረቀቷን ከማስታወቂያ ጋር ጥያታለሁ። በኋላ ታክሱን አስተካክለን እንደገና አስገባን።

ባለቤቴ ባለፈው ወር ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዳ የአባቷን ስም አስተካክላለች። አዲሱ ካርድ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፣ ኦክቶበር 1 ከተከበበበት ካላንደር አጠገብ።