ሰፊ እግር፣ ጠባብ የስኪ ቡት፦ ችግሩና መፍትሄው

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና ኦሮራ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ከስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ ከመንሸራተት፣ ማምለጫ የለውም። በረዶው ሲጥል መጀመሪያ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ይወጣሉ። ቀጥሎ ወላጅ ይጎተታል። ሞክረውት እርግፍ አድርገው የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። አብዛኞቹ መውደቅ አላስመረራቸውም። ያስመረራቸው ቡቱ ነው፣ በተለይ እግራቸው ሰፊ የሆነውን።

ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገና ሱቅ ውስጥ ነው። ጫማ ሲጠበን አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ለምዶብናል። በሸራ ጫማ ያስኬዳል። የስኪ ቡት ቁጥር ግን ርዝመት ብቻ ነው፤ ስፋት የራሱ ሌላ ልኬት አለው። ቁጥር ስትጨምሩ ስፋቱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ርዝመቱ ግን ያልፋችኋል፤ ተረከዛችሁም ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ከታች የምታነቧቸው ችግሮች ግማሾቹ የሚመጡት ከዚህ ነው።

(የማወራው ቁልቁል ስለሚወረድበት ጠንካራ የፕላስቲክ ቡት ነው። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረበት አገር አቋራጭ ስኪ ቡቱ ቀለል ያለ ነው፤ ጣጣውም ሌላ ነው።)

መጀመሪያ እግራችሁን ለኩ

ማታ ላይ ለኩ፣ እግር ውሎ ትንሽ አበጥ ሲል። ወለሉ ላይ ወረቀት አንጥፉ። ተረከዛችሁን ግድግዳ አስነክታችሁ፣ ክብደታችሁን ጥላችሁ ቁሙ። ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ያለው ሴንቲሜትር የቡታችሁ ቁጥር ነው፤ ሞንዶፖይንት ይሉታል። 26.5 ሴንቲሜትር ከሆነ ቁጥራችሁ 26.5 ነው፣ በቃ። ቀጥሎ እግራችሁ በጣም የሚሰፋበትን ቦታ፣ ከአውራ ጣት ሥር እስከ ትንሿ ጣት ሥር፣ በሚሊሜትር ለኩ። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።

የቡቱ ስፋት ላስት ይባላል። 97 እና 98 ሚሊሜትር ጠባብ ነው። 100 አካባቢ መካከለኛ ነው። 102 እና ከዚያ በላይ ሰፊ የሚባለው ነው። ለምሳሌ አቶሚክ ሆክስ የሚለውን ቡት በሦስት ስፋት ይሠራል፦ አልትራ 98፣ ፕራይም 100፣ ማግና 102። ኤችቪ የሚል ምልክት ያለበት ሰፊና ከፍ ያለ እግር ታስቦ የተሠራ ነው፣ ኤልቪ ደግሞ ለቀጭን እግር።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ይህ ቁጥር የሚነገረው በ26.5 ልክ ተለክቶ ነው። ቡቱ ሲያንስ ላስቱም ይጠባል። ስለዚህ 23.5 የምታደርግ ሴት 102 የሚል አይታ ብትገዛ፣ እግሯ ላይ የሚደርሰው ስፋት ከ102 ያነሰ ነው።

ጎንና ጎኑ ይቃጠላል

ከሰፊ እግር ባለቤቶች በብዛት የሚሰማው ስሞታ ይህ ነው። ፕላስቲኩ ከፊት በኩል ጠቦ ይሆናል፣ ወይም አንድ አጥንት ብቻ እየተጫነ ይሆናል። ሁለቱን ሳትለዩ ገንዘብ አታውጡ።

መለያው ቀላል ነው። ከቡቱ ውስጥ ላይነሩን፣ ማለትም ለስላሳውን የውስጥ ጫማ፣ ጎትታችሁ አውጡ። ቀጭን ካልሲ አድርጋችሁ እግራችሁን ባዶው ፕላስቲክ ውስጥ አስገቡ። ጣቶቻችሁ የፊቱን ጫፍ ይንኩ። በስልካችሁ መብራት ከተረከዙ ኋላ እዩ። ክፍተቱ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር ከሆነ ርዝመቱ ልክ ነው። ከዚያ ከበለጠ ቡቱ ትልቅ ነው፣ ምንም ያህል ቢመቻችሁ። ቀጥሎ እግራችሁን መሐል ላይ አድርጋችሁ ጎኖቹን ተመልከቱ። ፕላስቲኩ ግራና ቀኝ ከተጫናችሁ ላስቱ ጠቧል። ያንኑ ቁጥር ይዛችሁ ሰፋ ወዳለ ሞዴል ሂዱ።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ በተለይ ከአውራ ጣት ሥር ወይም ከትንሿ ጣት በታች ባለው አጥንት ላይ ከነካ፣ ቡቱን አትመልሱት። ቡት ፊተር የሚባል ባለሙያ ጋ ውሰዱት። የሚያማችሁን ነጥብ ምልክት ያደርግበታል፣ ፕላስቲኩን ያሞቃል፣ ከውስጥ በብረት መጭመቂያ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ እስኪቀዘቅዝም እዚያው ይተወዋል። ጥቂት ሚሊሜትር ብትገኝ ናት፣ ግን ልዩነቷን እግር ያውቀዋል። ፖሊዩሬታን የሚባለው ፕላስቲክ የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል። በርካሽ ቡቶች ላይ የሚገኘው ፖሊፕሮፒሊን ግን ያስቸግራል። በቤት ማሞቂያ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ልሞክረው ማለት ቡቱን ማበላሸት ነው።

መርካቶ ጫማ የገዛ ሁሉ «ሲለበስ ይሰፋል» ተብሏል። ቆዳ አዎ። የስኪ ቡት ፕላስቲክ ግን በመልበስ አይሰፋም። እየላላ የሚሄደው ላይነሩ ነው። ሱቅ ውስጥ እንደ ነጠላ ጫማ የተመቸ ቡት ከጥቂት ቀን በኋላ ሰፊ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

መሐል እግሬ ይደነዝዛል

ሰው «ጠበበኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ችግሩ ጎኑ ላይ ሳይሆን ላይኛው የእግር ጀርባ ላይ ነው። እዚያ ነርቭና የደም ሥር ቆዳ ሥር ናቸው፤ ሲጫናቸው እግር ይፈዛል። ለማረጋገጥ ከላይነሩ ውስጥ ሶሉን፣ ማለትም እግር የሚያርፍበትን ተነቃይ ንጣፍ፣ አውጡና መልሳችሁ ልበሱ። ከቀለላችሁ፣ የእግራችሁ ጀርባ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። ሶሉን አውጥቶ መተው ግን መፍትሄ አይደለም። ፊተሩ ከሥር ያለውን ወለል ሞርዶ ዝቅ ያደርገዋል፣ ወይም ፕላስቲኩን ከላይ በኩል ያነሳዋል።

ከዚያ በፊት ግን ዘለበቶቹን እዩ። ብዙ ሰው ከታች ጀምሮ እየጠረቀመ ይወጣል። ተረከዛችሁን መሬት ላይ መታ መታ አድርጉና መጀመሪያ የላይኞቹን ሁለት ዘለበቶች ዝጉ። ጉልበታችሁን ወደ ፊት ደጋግማችሁ እጠፉ፤ ተረከዝ ቦታውን ይይዛል። የታችኞቹን ሁለቱን በመጨረሻ፣ በሁለት ጣት በሚዘጋ ልክ ብቻ። የጣቶቹ በኩል ያለው ዘለበት እግር ለመያዝ አይደለም፤ እንዳይከፈት ያህል ብቻ ነው። አብዛኛው ዘለበት ሽቦው ሲጠመዘዝ በጥቂቱ ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ይህን ሳያውቅ ዓመት የሚንሸራተት አለ።

ሌላው ምክንያት ጠፍጣፋ እግር ነው። ቁጭ ብላችሁ ስፋታችሁን ለኩ፣ ከዚያ ቆማችሁ። ልዩነቱ ጎላ ካለ፣ እግራችሁ ክብደት ሲያርፍበት ይረግባል፤ ይሰፋልም፣ ይረዝማልም። ሰፊ ቡት ከመፈለጋችሁ በፊት ውስጥ እግርን ደግፎ የሚይዝ ጠንካራ ሶል ሞክሩ። ሶል ሲጨመር ቦታ ይገኛል ማለት ግራ ያጋባል፣ ግን እግሩ ስለማይዘረጋ እውነት ይገኛል።

ስኳር ያለበት ሰው ድንዛዜን ቡት ላይ ብቻ አያሳብ፤ ሐኪሙን ያማክር።

ተረከዜ ይነሳል፣ ጥፍሬ ጠቁሯል

ሁለቱ አብረው ይመጣሉ፣ ምክንያታቸውም አንድ ነው፦ ቡቱ ትልቅ ነው። እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጣቶቹን ከፕላስቲኩ ጋር ያጋጫል። ሰውየው ዘለበት ያጠብቃል፣ መሐል እግሩ ይደነዝዛል፣ «ጠበበኝ» ብሎ ሌላ የባሰ ትልቅ ይገዛል። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣት ጫፉን ነካ ቢያደርግ አትደንግጡ። ጉልበት ሲታጠፍ ወደ ኋላ መሸሽ አለበት። ካልሸሸ ቡቱ አጥሯችኋል። ጥፍራችሁንም ቁረጡ።

የኪራይ ቡት የለመደ እዚህ ላይ ይሳሳታል። እነዚያ አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ ናቸው፣ ላይነራቸውም በብዙ እግር ተረጋግጧል። የራሳችሁን አዲስ ቡት በእነሱ አትመዝኑ።

እግሬ በረዶ ሆነ

ሁለት ካልሲ ደርባችኋል? አንዱን አውልቁ። የተጨናነቀ እግር ደም አይደርሰውም፣ ደም ካልደረሰው አይሞቅም። አንድ ቀጭን፣ ረጅም ካልሲ ይበቃል። የሙቀት ሱሪያችሁ ጫፍ ቡቱ ውስጥ አይግባ። ቡቱም መኪና ውስጥ አይደር፤ የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ውስጥ ሰፊ እግር ማስገባት ትግል ነው።

ባቴ አይገባም

ባታቸው ወፍራም የሆነ ሰዎች ላይኛው ዘለበት አልደርስ ይላቸዋል። በብዙ ቡቶች ላይ የዘለበቱ መያዣ ተፈትቶ ይዛወራል። ከኋላ ያለው ተጨማሪ ድጋፍም ይወጣል።

ስትገዙ

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ቡቱን ግዙ፣ ስኪውን (መንሸራተቻውን) ተከራዩ። የምታደርጉትን ካልሲ ይዛችሁ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። የመረጣችሁትን ለብሳችሁ ሱቁ ውስጥ ቢያንስ 20 ደቂቃ ቆዩ፤ ጉልበት እያጠፋችሁ። ሻጩ ላይነሩን አውጥቶ ካላሳያችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። «ምን ቁጥር ጫማ ታደርጋለህ?» ብሎ ብቻ ካመጣላችሁ ሌላ ሱቅ ፈልጉ። ከመክፈላችሁ በፊት ማስተካከያው በዋጋው ውስጥ መካተቱንና እስከ መቼ እንደሚሠራ ጠይቁ። ላይነሩን በሙቀት ማስተካከል እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ፕላስቲኩን ማስገፋት ግን ከተንሸራተታችሁበት በኋላ ቢሆን ይሻላል። ያኔ የትኛው ነጥብ እንደሚያማችሁ በጣታችሁ ታሳያላችሁ፤ የተገፋን ፕላስቲክ መመለስ ደግሞ ከባድ ነው።