ስፖርት መኪናና ወገብ፦ ሕመሙ መቼ ነው የሚመጣው?

አዳማ ውስጥ ስፖርት መኪና እየነዳ «ወገቤን አመመኝ» ያለ ሰው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ሽጣት!» እኔም ከቤተሰብም ከጎረቤትም ሰምቼዋለሁ። መኪናዬ የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤም ኤክስ ፋይቭ ናት። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፣ ጣሪያዋ ይከፈታል፣ መብራቷ ማታ ከኮፈኑ ላይ ብድግ ይላል። ማዝዳ ይህችን ሞዴል ለዓለም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ሽጬስ ምን ልገዛ? ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። አንዴ ከእጄ ከወጣች እንደሷ ያለች አላገኝም።

ስለዚህ ሽያጩን ትቼ ፍለጋ ገባሁ። የተማርኩት ትልቁ ነገር ሕመሙ መቼ እንደሚመጣ መለየት ነው። ጉብታ ላይ የሚመጣው፣ ግማሽ ሰዓት ከነዱ በኋላ የሚመጣውና ስትወርዱ የሚመጣው ሕመም ምክንያታቸው ለየቅል ነው። አንዱ ጎሚስታ ቤት ያልቃል፣ አንዱ ወንበሩ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ሐኪም ፊት።

ምልክት፦ ጉብታና ኮብልስቶን ላይ ወገብን ሲነርት

አዳማ ውስጥ ካለው ፍራንኮ ሰፈር ወጥቼ ኮብልስቶን ወደተነጠፈበት ሰፈር ስገባ እያንዳንዷ ድንጋይ ጀርባዬ ላይ ትቆጠር ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሾኩን፣ ማለትም የመንገዱን ምት የሚያበርደውን ክፍል ነው። ጥፋቱ የተገኘው ግን ጎማው ውስጥ ነው።

የመኪናችሁን የሹፌር በር ስትከፍቱ የጎማ ንፋስ ልክ የተጻፈበት ወረቀት ታገኛላችሁ። የኔዋ በፋብሪካ ጎማዋ፣ ማለትም በ185/60 ባለ 14ቱ፣ የሚበቃት 26 ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ስለሆነ ብዙ ንፋስ አትፈልግም። ጎማዬን የሞላልኝ ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ የሚሞላው ለሚኒባስና ለጭነት መኪና ነው። ሳይጠይቀኝ 40 ሞላልኝ። ክፉ አስቦ አይደለም፣ «ጠንከር ይበልልህ» ብሎ ነው። በዚያ ንፋስ ጎማው ራሱ ድንጋይ ሆነ። የመንገዱን ምት የሚቀበለው ጎማው መሆኑ ቀርቶ አከርካሪዬ ሆነ።

መፍትሄው ገንዘብ የለውም ማለት ይቻላል። ጠዋት፣ መኪናዋ ከግቢ ሳትወጣ ለኩ። አዳማ ፀሐይ ላይ የዋለች ወይም አስፋልት ላይ የሮጠች መኪና ጎማዋ ስለሚሞቅ መለኪያው ከፍ አድርጎ ያሳያል። ወረቀቱ ያዘዘውን ሙሉ። ምቾት ፍለጋ ከዚያ በታች አትውረዱ፤ ንፋሱ ያነሰ ጎማ ፍጥነት ላይ ይግልና ይፈነዳል። መለኪያውንም የራሳችሁን ግዙ። የጎሚስታው መለኪያ በቀን ስንቴ መሬት እንደሚወድቅ አይታወቅም።

ቀጥሎ ቸርኬውን ተመልከቱ። ከኔ በፊት የነበረው ባለቤት ለውበት ብሎ ባለ 17 ቸርኬ ከ205/40 ጎማ ጋር አስሮላት ነበር። ሒሳቡን አስሉት፦ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፣ «ባለ 14» ደግሞ የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። የፋብሪካው ጎማ ጎኑ 111 ሚሊ ሜትር ነው። የተለወጠው 82 ሚሊ ሜትር። ወደ 3 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ላስቲክና አየር ከወገቤ ስር ተወስዷል ማለት ነው። ባለ 14ቱን ፈልጌ መለስኩ። ከሁሉም ለውጥ በላይ የተሰማኝ ይሄኛው ነው። (ትልቁን ቸርኬ የምታቆዩ ከሆነ 26 ለሱ አይሆንም፤ ልኩ ከጎማው ጋር ይለወጣል።)

ንፋሱም ቸርኬውም ተስተካክሎ ጉብታ ላይ አሁንም «ጓ!» የሚል ድምፅ ካለ ወደ ሾኩ እንሂድ። ሾኩ እስከ መጨረሻው ሲጨመቅ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የምትቀበል ስፖንጅ መሳይ ጎሚኒ አለች። እነዚህ መኪኖች ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ሾኩ የሚሄድበት ርቀት አጭር ነው፤ ጎሚኒዋ ሥራ ይበዛባታል። ዕድሜ ሲጫናት ትፈራርሳለች። መካኒኬ የአቧራ መከላከያውን ላስቲክ ወደ ላይ ሲገፋው ቡናማ ፍርፋሪ መዳፉ ላይ ተዘረገፈ። በሁለት ጣቱ አሸት ሲያደርገው ዱቄት ሆነ። «ልጄ፣ ወገብህን ሲመታህ የኖረው ይሄ ነው» አለኝ። አራቱንም ቀየርን። ያ «ጓ!» የሚል ድምፅ በዚያው ጠፋ።

ሾኩ ራሱ ዘይት ካንጠባጠበ ወይም የመኪናዋን ጥግ ተጭናችሁ ስትለቁ ደጋግማ ከተወዛወዘች ደክሟልና ይቀየር። ሲቀየር ግራና ቀኙ አብሮ ነው። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፦ ይበልጥ ዝቅ እንድትል ብላችሁ ሞላ አታስቆርጡ። ሞላው ሲያጥር ሾኩ መሄጃ ያጣል፣ ጎሚኒዋም በየጉብታው ትደቆሳለች። ጀርባችሁም አብሮ።

ምልክት፦ መንገዱ ለስላሳ ነው፣ ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወገብ ይይዛል

ከአዳማ አዲስ አበባ የፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጉብታ የለ፣ ኮብልስቶን የለ። ሞጆን ሳልፍ ደህና ነኝ። ቢሾፍቱ አካባቢ ስደርስ ወገቤ መቆርጠም ይጀምራል። ክፍያ ጣቢያው ጋ እጄን ወደ መስኮቱ መዘርጋት ራሱ ጭንቅ ነበር።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የአቀማመጥ ነው። ስፖርት መኪና ውስጥ መቀመጫው ከወለሉ ጋር ይቀራረባል፣ እግር ወደ ፊት ይዘረጋል። እግር ሲዘረጋ ዳሌ ወደ ኋላ ይንከባለላል። ያኔ ወገብ ላይ ያለው፣ ወደ ውስጥ የገባው ተፈጥሯዊ ቅስት ይጠፋል። አከርካሪው እንደ ቀስት ወደ ኋላ ይለጠጥና ጭነቱ በአጥንቶቹ መሃል ያለው ዲስክ ላይ ይወድቃል። የኔዋ ደግሞ መሪዋ ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም፣ ወንበሩም ከፍ ዝቅ አይልም። ስለዚህ መኪናዋን ለራሴ እንዲህ አስተካከልኩ።

መቀመጫውን ወደ ፊት አቀረብኩ፤ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ጉልበቴ ትንሽ እንደታጠፈ እንዲቀር። መደገፊያውን ከተንጋለለበት አነሳሁት። በጣም ቀጥ ያለም ጥሩ አይደለም፣ ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ይበቃል። ልኩን ለማወቅ ትከሻችሁ ወንበሩን ሳይለቅ እጃችሁን ዘርጉ። የእጃችሁ አንጓ የመሪው አናት ላይ ካረፈ ልክ ናችሁ።

ከዚያ ፎጣ። ተራ የእጅ ፎጣ ጠቅልላችሁ በላስቲክ እሰሩት። ቀበቶ የምትታጠቁበት ቁመት ላይ፣ በወገባችሁና በመደገፊያው መሃል አስገቡት። ከክንድ አይወፍር፣ ከወፈረ ይገፋችኋል። መጀመሪያ ቀን እንግዳ ይሆንባችኋል። በሦስተኛው ቀን ስታጡት ትፈልጉታላችሁ። ረጅም ሆናችሁ ጭንቅላታችሁ ጣሪያውን የሚነካ ከሆነ፣ የመኪና ወንበር የሚሰፋ ሰው ጋ ወስዳችሁ ከመቀመጫው ስፖንጅ 2 ሳንቲ ሜትር አስቀንሱ። ጎብጦ መንዳት ከምንም በላይ ወገብ ያደክማል።

ፍጥነት ስትጨምሩ ብቻ መሪውና ወንበሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጎማው ባላንስ ይሠራለት። ያልተቆራረጠ ንዝረት የጀርባን ጡንቻ ያደክማል፤ ከመኪናው ስትወርዱ ሲሸከም የዋለ ሰው ትመስላላችሁ።

ምልክት፦ ሕመሙ በአንድ ጎን ብቻ፣ ወደ ቂጥና ጭን የሚወርድ

በቀኝ ከሆነ መጀመሪያ የኋላ ኪሳችሁን ፈትሹ። ቦርሳ ወይም ስልክ ላይ መቀመጥ ዳሌን ያዛንፋል፣ ወደ እግር የሚወርደውንም ነርቭ ይጫናል። አውጡት፣ በቃ።

በግራ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ነው የሚጠረጠረው። አመሻሽ ላይ ባጃጁ ሲበዛ መቶ ሜትር ለመሄድ አሥር ጊዜ ይረገጣል። መቀመጫው ከራቀ በእግራችሁ ሳይሆን በዳሌያችሁ ነው የምትረግጡት፤ በእያንዳንዱ እርግጫ ወገብ ይጠመዘዛል። አቅርቡት። ባጃጅ መሃል ስትቆሙም ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ እግራችሁን አሳርፉ።

ምልክት፦ ስትገቡና ስትወርዱ ቀጭ ሲል

አንድ እግር አስገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ተጠማዞ መውደቅ፦ ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የምንገባው። መታጠፍና መጠምዘዝ አንድ ላይ ሲሆኑ ወገብ አይወዳቸውም። መጀመሪያ ጀርባችሁን ለወንበሩ ሰጥታችሁ ቁጭ በሉ፣ ከዚያ ሁለቱን እግር አንድ ላይ አዙራችሁ አስገቡ። ስትወርዱም እንዲሁ፣ ሁለቱ እግር መሬት ከያዘ በኋላ ተነሱ። በሩ በደንብ መከፈት አለበትና ስታቆሙ ከግድግዳ ራቁ።

እንደወረዳችሁ ደግሞ ከባድ ነገር አታንሱ። ቁጭ ብሎ የቆየ ወገብ ጅማቱ ላልቷል። እኔ ክፉኛ የተያዝኩት አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ደርሼ ወዲያው የውኃ ጀሪካን ሳነሳ ነው። ሁለት ደቂቃ ግቢው ውስጥ ተራመዱ፣ ከዚያ አንሱ።

ጣሪያ ከፍቶ መንዳት የሚወድ ሰው አንገቱ ሲደርቅ «ብርድ መታህ» ይባላል። የአዳማ ነፋስ ኃይለኛ ነው፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫው እዚህ የተተከለው ለዚህ ነው። እኔ ግን ያየሁት ነፋሱን ለመቋቋም ትከሻዬን ሽቅብ ሰብስቤ እንደምነዳ ነው። የጎን መስታወቶቹን ዝጉና ትከሻችሁን ልቀቁ።

ሁሉም ተስተካክሎ ካልተሻለስ?

አብዛኛው የወገብ ሕመም በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። አልጋ ላይ መዋል ግን አይረዳም፣ እንዲያውም ያጓትታል። ቀስ እያላችሁ ተራመዱ። ዳይክሎፍናክ ከመድኃኒት ቤት እየገዛችሁ በየቀኑ አትዋጡ፤ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊትም ይጨምራል።

የሚከተሉት ካሉ መኪናዋን ተዉና ሐኪም ጋ ሂዱ። በእግራችሁ መሃልና በመቀመጫችሁ ዙሪያ መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አልታዘዝ ማለት፣ የእግር መዛል ከታየ በዚያው ቀን፣ በሌሊትም ቢሆን። ሕመሙ ሌሊት የሚብስ ከሆነ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ አብረው ካሉ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢም ሊሆን ይችላል፤ ታክሞ የሚድን ነው፣ ከዘገየ ግን አጥንት ያፈርሳል። እነዚህ ምልክቶች እያሉ ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ ወገብ አታሳሹ።

እኔ አሁን ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት እራመዳለሁ፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳየኝን የሆድና የጀርባ እንቅስቃሴም እሠራለሁ። እሑድ ሲመቸኝ ሶደሬ እወርዳለሁ። ፍል ውኃው ዲስክ አያቃናም፣ የተያዘ ጡንቻ ግን ያፍታታል። ከውኃው ወጥቼ ትንሽ እራመዳለሁ፣ ፎጣዬን ጠቅልዬ ወገቤ ጋ አስገባለሁ፣ ጣሪያውን ከፍቼ ወደ አዳማ እመለሳለሁ።