ቀለሙ እንዳይላጥ የአሮጌ መኪና ግሪል እንዴት ይቀባል?

የጎንደር ክረምት ገና ሳይወጣ፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ የፔጆ 404 መኪናዬን ግሪል፣ ማለትም የፊቱን ፍርግርግ፣ በራሴ እጅ ቀብቼ ነበር። ሲደርቅ መስተዋት ይመስል ነበር። መስከረም ላይ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር መኪናውን ሳሳጥብ ግን የውኃው ግፊት ቀለሙን እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ገፎ አወረደው፤ ከሥሩ የወጣው አሉሚኒየምም ቀለም የሚባል ነገር ነክቶት የማያውቅ ይመስል ነበር። ቀለም መያዝ አለመያዙ የሚወሰነው ጣሳው ከመከፈቱ በፊት እንደሆነ የተማርኩት ያን ዕለት ነው። (የቮልስ ባለቤት ሞተሩ ከኋላ ስለሆነና መኪናው የፊት ግሪል ስለሌለው ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።)

በመጀመሪያ ግሪሉን ከመኪናው ይፍቱ። መኪናው ላይ እንዳለ ዙሪያውን በወረቀትና በፕላስተር ሸፍኖ መቀባት ጊዜ የሚያተርፍ ቢመስልም፣ የፍርግርጉ ጀርባና የብሎኖቹ ቀዳዳ ሳይጸዱ ስለሚቀሩ መላጡ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቀጥሎ ግሪሉ ከምን እንደተሠራ ይለዩ። ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ ማግኔት ይበቃል። ማግኔቱ ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘና ዕቃው ቀላል ከሆነ አሉሚኒየም፣ ካልያዘና እንደ መጠኑ ከበድ ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዚንክ ቅይጥ ነው። ይህን መለየት የሚያስፈልገው ቀይ አንቲረስት (ዝገት መከላከያው ቀለም) ለብረት እንጂ ለሁሉም የተሠራ ስላልሆነ ነው። የዘይት አንቲረስት ዚንክ ላይ ሲቀባ ከጊዜ በኋላ ከዚንኩ ጋር እየተዋሐደ ወደ ሳሙናነት ይለወጥና ከሥር ይለቃል። አሉሚኒየም ደግሞ በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ወዲያው ስለሚዋሐድ ላዩን ቀጭን ቆዳ ያበጃል፤ ያም ቆዳ ለቀለም ጥሩ መያዣ አይሰጥም። እኔ ምንም ሳላጣራ አንቲረስት በአሉሚኒየም ላይ ለቅልቄ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ማጽዳት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በቅደም ተከተሉ ነው። ቅባቱ ሳይለቅ ብርጭቆ ወረቀት ከተነካ፣ ለዓመታት የተቀባው የማንጸባረቂያ ሰምና ሲልከን ወረቀቱ በፈጠራቸው ጭረቶች ውስጥ ይቀበራል፤ ከዚያ በኋላ ቢታጠብም በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ አስቀድሞ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፣ በየጥጉ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈተጋል፣ በብዙ ውኃ ይለቀለቃል። ሲደርቅ ሁለት ንጹሕ ጨርቅ ይያዙ፦ በአንዱ ቅባት ማስወገጃውን ይቀቡ፣ ፈሳሹ ሳይተን ወዲያው በሌላው ደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። በአንድ ጨርቅ ብቻ የሚሠራ ሰው ቅባቱን ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል እንጂ አያነሣም። ቤንዚን ርካሽ ነው ተብሎ የሚሰጠውን ምክር አልቀበለውም፤ ሲተን ቅባታም ቅሪት ይተዋል፣ ለእሳትም አደገኛ ነው።

አሁን በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያም በ400 ይሞርዱ። የሚያብረቀርቅ አንድም ነጥብ እንዳይቀር፤ በተለይ ፍርግርጎቹ ከክፈፉ ጋር የሚገናኙበት ጥግ በጣት ካልሆነ አይደረስበትም። ግራይንደር ቀጫጭኑን አሉሚኒየም ስለሚያጣምም ቢቀር ይሻላል፤ የብረት ሱፍ ደግሞ በአሉሚኒየሙ ውስጥ የሚሰካ ስባሪ ትቶ በኋላ ይዝጋል። ኒኬል የምንለው ክሮም ያለበት ከሆነ የተነሣው ሁሉ ተሞርዶ ጠርዙ ጠንካራ ቦታ እስኪደርስ ድረስ ይቀጥሉ፤ ለመውደቅ በተዘጋጀ ክሮም ላይ የተቀባ ቀለም ከክሮሙ ጋር ይወድቃል። ክሮም ሲሞረድ በውኃ ይሁን፣ ብናኙም እንዳይተነፈስ አፍና አፍንጫ ይሸፈን።

ውኃ ያፍስሱበትና ይመልከቱ። ውኃው እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ከቆየ ግሪሉ ጠድቷል፤ ጠብ ጠብ ብሎ ከተሰበሰበ ቅባት ስላለ ወደ ሁለቱ ጨርቆች መመለስ ነው። ይህን ፈተና ካለፈ በኋላ በባዶ እጅ አይንኩት።

ፕራይመሩ፣ ማለትም ዋናው ቀለም እንዲይዝ ከሥሩ የሚቀባው፣ ሞርደው በጨረሱበት ዕለት ይረጭ። እኔ ቅዳሜ ሞርጄ በሚቀጥለው ሳምንት ቀባሁ፤ ያም በክረምት እርጥበት። ለአሉሚኒየምና ለዚንክ አሲድ ያለው ፕራይመር ወይም ኤፖክሲ ፕራይመር ይመከራል። አሲድ ባለው ላይ ኤፖክሲ መደረብ ብዙ ጊዜ ስለማይስማማ አንዱን ይምረጡ። አሲድ ያለው ከሆነ አንድ ስስ እጅ ይበቃል፤ ብረቱ በመጠኑ ውስጥ ለውስጥ ቢታይ ችግር የለውም፣ ማወፈሩ ግን ያዳክመዋል። እንደ ኤፖክሲ ሃርድነር (ማጠንከሪያ ፈሳሽ) የሚገባባቸው ቀለሞች ጭስ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ የሚሠራው በአየር ቦታና በተገቢ ጭንብል ነው።

ሰዓቱም ይመረጥ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነችው ከተማችን ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ በማለዳ ብረት ላይ ጤዛ ያርፋል፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይ ያገኘው ብረት ቀለሙ ሳይስተካከል ያደርቀዋል። ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ግሪሉን ለብ እስኪል ፀሐይ አሳይቶ በጥላ ሥር መርጨት ይሻላል።

ዋናው ቀለም ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ጥጎቹና የፍርግርጎቹ ጠርዝ፣ ከዚያ ፊታቸው፤ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በሦስት ስስ እጅ፣ በየመካከሉ ጥቂት ደቂቃ እየጠበቁ።

መኪናው ላይ ከመመለስዎ በፊት ሳምንት ይታገሡ፤ ከዚያም በማይታየው ጀርባ ላይ ፕላስተር ለጥፈው በኃይል ይንቀሉት። ቀለም ይዞ ካልመጣ ይግጠሙ። የብረት ብሎን ባዶ አሉሚኒየም ከነካ እርጥበት ሲያገኘው አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ስለዚህ ከብሎኑ ራስ ሥር ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ የጎማ ሮንዴላ ያስገቡ፣ ብሎኑንም ጎማው ትንሽ ሲጨመቅ ያቁሙ።